እሳትን በእሳት ስለ መግታት

እሳት የደን ጠላት ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ነገሩ በብዙ ስፍራ እውነት ነው፤ በሁሉም ስፍራ ግን አይደለም። ሰው ወቅቱን ጠብቆ በልክ የሚለኩሰው እሳት አገርን ከታላቅ ቃጠሎ የሚያድንበት ጊዜ አለ። ምሳሌውም ሩቅ ሳንሄድ በባሌ ተራሮች ይገኛልና ከዚያ ተነሥተን እንመርምረው።

አስቀድመን የእሳትን ጠባይ እንወቅ። እሳት እንዲነድ ሙቀት፣ አየርና ማገዶ ያስፈልገዋል። ነፋሱን ማቆም፣ ፀሐዩንም ማብረድ አንችልም፤ በእጃችን ያለው ማገዶው ብቻ ነው። ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ ከዓመት ወደ ዓመት በተከማቸ መጠን ኋላ የሚነሣው እሳት ይበረታል። በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ከተቃጠለ ግን የሚመጣው እሳት የሚበላውን ያጣል። በልክ የማቃጠል ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው።

ከ3,500 ሜትር በላይ ባለው የባሌ ከፍታ አስታ የተባለው ቁጥቋጦ በብዛት ይበቅላል። አስታ ላዩ ቢቃጠልም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ለጋውንም ከብት ይበላዋል። በዚሁ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከብት አርቢዎቹ የሚያቃጥሉበትን ምክንያት ጠይቆ ሦስት መልስ አግኝቷል፤ ይኸውም አንደኛ ግጦሹን ለማሻሻል፣ ሁለተኛ መርዛም አባ ጨጓሬን ለማጥፋት፣ ሦስተኛ በከብት ላይ የሚደርሰውን የአውሬ አደጋ ለመቀነስ ነው።

አርቢዎቹ እሳቱን የሚለቁት በዘፈቀደ አይደለም። የተዳፋቱን አቀማመጥ፣ የነፋሱን ኃይል፣ የቁጥቋጦውን ጥቅጥቅነትና እርጥበት አመዛዝነው ነው። ከ1 እስከ 4 ዓመት በፊት የተቃጠለው ቦታ ገና ማገዶ ስለሌለው ለአዲሱ እሳት እንደ አጥር ሆኖ ያገለግላል። በዚህም ምክንያት ተራራው ዕድሜው የተለያየ ቁጥቋጦ በየቁራጩ የለበሰ ይሆናል፤ አንዱ ቦታ ተመልሶ የሚቃጠለው በአማካይ በ10 ዓመት ገደማ ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱ በተደረገበት ጊዜ ማቃጠል በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው በትክክል ቢከበር ምን ይከተላል? አጥኚዎቹ እንደሚሉት አስታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከብት አፍ በላይ ያድጋል፤ እርስ በርሱም ይያያዝና አንድ ቀን እሳት ሲነሣ የሚያቆመው ወሰን አይኖርም።

እንዲህ ያለው ነገር በአሜሪካም ታይቷል። የዚያ አገር የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1935 ማናቸውም የደን እሳት በታየ ማግስት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት እንዲጠፋ ደነገገ። እሳቱን በማጥፋት ብዙ ቢሳካለትም በደኑ ውስጥ ማገዶ ተከመረ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደንቡን ተወ፤ ዛሬ ሠራተኞቹ ራሳቸው በልክ ያቃጥላሉ።

ይህን ስንል ደን ሁሉ ይቃጠል ማለታችን አይደለም። በእርጥብ ደን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ዛፎች እንደ አስታ እሳትን አይችሉም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና በተነሣው ቃጠሎ ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን ተጎድቷል፤ ለማጥፋትም ከውጭ አገር ጭምር ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ እሳት ከተዛመተ በኋላ የሚደረገው ሩጫ ጥቅሙ ጥቂት ነው። የሚበጀው የትኛው ስፍራ፣ መቼ፣ በማን እጅ ሊቃጠል እንደሚችል፣ የትኛውስ ፈጽሞ መነካት እንደሌለበት አስቀድሞ መለየት ነው።

እንግዲህ ደን የምናጠና ነፋስንና እርጥበትን በመሣሪያ መለካት እንማር ይሆናል፤ ሕግ የምናጠናም አንቀጽ መጻፍ። ነገር ግን ያንኑ ነፋስ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያጠና የኖረውን እረኛ ሳንጠይቅ የምናወጣው ደንብ እረኛውን ወንጀለኛ ያደርገዋል እንጂ ተራራውን አይጠብቀውም። ስለዚህ ለመስክ ጥናት ወደዚያ ስንወጣ የመጀመሪያው ሥራችን ከእርሱ ጋር ተቀምጦ መማር ይሁን።