ማሳሰቢያ፦ አውቶማቲክ መኪናዎ የሚነሣው በየትኛው ማርሽ ላይ ነው?

አውቶማቲክ መኪና ቁልፉ ሲዞር ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው። ባትሪ ቢደክም ወይም ሞተሪኖ ቢቃጠል ጉዳቱ ከባለቤቱ ኪስ አያልፍም፤ መኪናው ባለበት ቆሞ ይቀራል። ማርሹ የት እንዳለ የሚለየው ኢንሂቢተር ስዊች ሲበላሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተሳሳተ መንገድ ከተጠገነ የሚጎዳው ከመኪናው ፊት ወይም ኋላ የቆመ ሰው ነው። ይህ ማሳሰቢያ ለባለመኪናዎች፣ ለመካኒኮችና ለላቫጆ ሠራተኞች ነው።

ኒውትራል ስዊች እያሉ የሚጠሩትም አሉ። በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘው ከካምቢዮው ውጭ፣ የማርሹ ገመድ በሚያዞረው ዘንግ ላይ ነው። ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ በቀር ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ያግዳል። አር ሲገባ የኋላ ማርሽ መብራቱን ያበራል። ለካምቢዮው ኮምፒውተርም የማርሹን ቦታ ይነግራል። ከእነዚህ ሥራዎች የመጀመሪያው የሕይወት ጉዳይ ነው። ማኑዋል መኪና ማርሽ ውስጥ እያለ ቁልፉ ቢዞር ዘሎ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። አውቶማቲክ ግን አይጠፋም፤ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት በዘይት ግፊት ስለሆነ፣ ሞተሩ እንደተነሣ ነዳጅ ሳይረገጥም መኪናው መሄድ ይጀምራል። ውስጡ ፍሬን የሚይዝ ሰው ከሌለ የሚያቆመው የሚጋጨው ነገር ብቻ ነው። በአሜሪካ አውቶማቲክ መኪና ወደፊት ወይም ወደኋላ በሚያስኬድ ማርሽ ላይ ሆኖ እንዳይነሣ በደኅንነት ደንብ ግዴታ የሆነው ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

በአገራችን የሚሽከረከሩት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ አብዛኞቹ ሌላ አገር ተነድተው ያረጁ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉት ለብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። ስዊቹም አብሯቸው ያረጃል።

ስዊቹን ዳይሬክት አያድርጉ፤ መካኒክ ላድርግልዎ ቢልም አይፍቀዱ። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ይህ ነው። ከሶኬቱ ሁለት ሽቦ ቆርጦ ማገናኘት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ መኪናውም ወዲያው ይነሣል። ችግሩ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ማርሽ ላይ መነሣቱ ነው። እርስዎ ዳይሬክት መሆኑን ያውቃሉ፤ ቁልፉን የሚቀበለው የላቫጆ ልጅ ግን አያውቅም። በመስኮት እጁን አስገብቶ ሲያስነሣው ማርሹ ዲ ላይ ቢሆንስ? በኮንዶሚኒየም ግቢ ቁልፉ ላዩ ላይ ተረስቶ ልጅ ቢያዞረውስ? ጥገናው ርካሽ የመሰለው አደጋው ሌላ ሰው ላይ ስለሚወድቅ ነው።

ከመኪናው ሥር ተኝታችሁ ወይም ኮፈኑ ሥር አጎንብሳችሁ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አታገናኙ። ይህ በተለይ ለጋራዥ ወጣቶች ነው። ካቻቢቴው ቁልፉንም ስዊቹንም አልፎ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ለሞተሪኖው ይሰጣል። የቁልፉ መስመር ክፍት ከሆነና ማርሹ ገብቶ ከሆነ መኪናው የሚንቀሳቀሰው በእናንተ ላይ ነው። ጌቶቻችሁ ሲያደርጉት አይታችሁ ይሆናል፤ ቢሆንም አታድርጉት።

መኪናውን ገፍታችሁ ለማስነሣት አትድከሙ። ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት አውቶማቲኮች በግፊ አይነሡም። መጎተት ግድ ከሆነ የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ይነሡ፤ አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ በጭነት መኪና ላይ ይጫን።

ችግሩን ለመለየት ደግሞ ከቀላሉ ይጀምሩ። ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ አልነሣ ካለ ፍሬኑን በደንብ ረግጠው ኤን ላይ ይሞክሩ። ኤን ላይ ከተነሣ ጥርጣሬው ወደ ስዊቹ ወይም ወደ ማርሹ ገመድ ይዞራል። ማርሹን ትንሽ ወዘወዝ ሲያደርጉት የሚነሣ ከሆነም እንዲሁ። የኋላ ማርሽ መብራት አምፖሎቹ ደኅና ሆነው አለመብራታቸው፣ ክሩስኮቱ ላይ የማርሹ ምልክት መጥፋቱ ወይም ሁለት ቦታ ማሳየቱ ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ። ኤን ላይ አስነሥቶ ቤት መድረስ ይቻላል፤ ጥገና ግን አይደለም።

ስዊቹን ከመንካትዎ በፊት ባትሪውን ያስለኩ። ያረፈና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.2 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ። ቴስተር ከሌለ የክሩስኮት መብራቶቹን ይመልከቱ፦ ቁልፉ ሲዞር በጣም ከደበዘዙ ባትሪው ወይም የባትሪው ጫፎች ናቸው፤ ሳይደበዝዙ ዝም ካለ ግን ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው መስመር አንድ ቦታ ተቋርጧል ወይም ሞተሪኖው ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ፊውዙና የሞተሪኖው ሪሌ ይታዩ። በአዝራር የሚነሡ መኪኖች የፍሬን መብራት ስዊች ከተበላሸ ፍሬን መረገጡን ስለማያውቁ አይነሡም፤ የኋላ የፍሬን መብራቱን ሰው አቁመው ያረጋግጡ። ማርሹ ከፒ አልወጣ ማለቱ ግን የሌላ መቆለፊያ ጉዳይ ነው፤ ኢንሂቢተሩ አይወቀስበት።

መካኒኩ በግምት ሳይሆን በቴስተር እንዲፈትሽ ይጠይቁ። ቁልፉ ጠፍቶ የስዊቹ ሶኬት ይነቀላል፤ የሞተሪኖ መስመር የሆኑት ሁለት ጫፎች በመኪናው ማኑዋል መሠረት ይለያሉ። ቴስተሩ ፒ እና ኤን ላይ ግንኙነት ማሳየት፣ አር፣ ዲ እና ሌሎቹ ላይ ምንም አለማሳየት አለበት። የኋላ መብራቱ ጫፎች ደግሞ አር ላይ ብቻ ይገናኛሉ። ይህ ካልሆነ ስዊቹ ተበላሽቷል ወይም ከቦታው ተንሸራትቷል። በስዊቹ በኩል ሁሉ ደኅና ከሆነ ችግሩ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ሶኬት ብዙ ያታልላል።

የምርመራ መሣሪያው ፒ0705 ወይም ፒ0706 የሚል ኮድ ካወጣ የማርሹን ቦታ የሚያሳውቀው መስመር መታወኩን ይናገራል፤ ስዊቹ ራሱ መሞቱን ግን አያረጋግጥም። ኮምፒውተሩ ማርሹ የት እንዳለ ሲጠፋው ካምቢዮውን ለመጠበቅ አንድ ማርሽ ላይ ሊይዘው፣ ሲቀይርም ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ ከመባሉ በፊት ይህ ትንሽ ዕቃ ይታይ። ካምቢዮ የሚያህል ወጪ ያለ ቴስተር ምርመራ መወሰን የለበትም።

ማስተካከያው ላይ ረጋ ይበሉ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸው፣ ሞተሩም ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ የሚታየው ገመዱ ነው፤ ማርሹ ፒ ሲባል ካምቢዮው ላይ ያለው ክንድም እስከ ፒ መድረስ አለበት። ገመዱ ረዝሞ ወይም ጫፉ ላልቶ እያለ ስዊቹን አዙሮ መኪናውን ማስነሣት ጉዳቱን መደበቅ ነው። መኪናው ይነሣል፣ ክሩስኮቱም ፒ ይላል፣ የካምቢዮው መቆለፊያ ግን ጥርሱ ውስጥ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ዳገት ላይ ሊለቅ ይችላል። ይህን ስሕተት ከዳይሬክት አሳንሼ አላየውም።

ገመዱ ልክ ከሆነ ማርሹ ኤን ላይ ይደረጋል፤ የስዊቹ ቡሎኖች ይላላሉ፤ በዘንጉ ላይ ያለው ምልክት ስዊቹ ላይ ካለው የኤን መስመር ጋር ይገጥማል። በአንዳንድ መኪኖች በመስመር ፋንታ ቀጭን ፒን የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ከዚያ ሳይንሸራተት ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ፤ ትንንሽ ስለሆኑ ጉልበት አይፈልጉም።

ስዊቹ ውስጥ ዘይት ከተገኘ የዘንጉ ዘይት መያዣ ጎማ አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ አዲሱም በዚያው መንገድ ይበላሻል። ሊፈቱ የሚችሉ ስዊቾች ለኤሌክትሪክ መገናኛ በተሠራ ማጽጃ ቢጸዱ ለጊዜው ይሠራሉ፤ የተበላው የመዳብ ገጽ ግን በማጽዳት አይመለስም፣ መቀየር ይሻላል። ቤንዚን አይጠቀሙ።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የዕቃው ቁጥርና የሶኬቱ ጫፎች ብዛት ይነጻጸሩ፤ ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ፊት በቴስተር ይፈተሽ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ላቫጆ ላይ ሞተሩ ሥር በኃይለኛ ግፊት ውኃ አያስረጩ። ውኃና ጭቃ የስዊቹን ሶኬት ቀስ በቀስ ይበሉታል። አጣቢዎች ደግሞ የሰው መኪና ስታስነሡ ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ማርሹን በዓይናችሁ አይታችሁ ይሁን። በመስኮት አታስነሡ፤ ባለቤቱ ቢያጣድፋችሁም።

ከጥገና በኋላ፣ ያገለገለ መኪና ከመግዛትዎ በፊትም ይህን ፈተና ያድርጉ። ገላጣ ቦታ ላይ፣ ፊትና ኋላ ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ይዘውና የእግር ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው ማርሹን አር ላይ አድርገው ቁልፉን ያዙሩ። ከዚያ ዲ፣ ቀጥሎም ሌሎቹ። በአንዱም ላይ ሞተሪኖው መዞር የለበትም። ከዞረ ሻጩ ምንም ቢል መኪናው አልተጠገነም፤ ስዊቹ በትክክል እስኪሠራ ድረስ አይግዙት።

ዓመታዊ ምርመራ የምታካሂዱና ቦሎ የምትሰጡ ባለሙያዎችም ይህን ፈተና ከፍሬንና ከመብራት ፍተሻ ጋር እንድታካትቱት እንጠይቃለን። መሣሪያም ሆነ ረጅም ጊዜ አይፈልግም።

መኪናዎ አስቀድሞ ዳይሬክት ተደርጎ ከሆነ በዚህ ሳምንት ያስመልሱት። እስከዚያው ቁልፉን ለሌላ ሰው አይስጡ፤ ቤት ውስጥም ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።