ከኪሎ መቀነሻው ቀዶ ሕክምና በኋላ የሆድ ቆዳ ማስነሣት፦ አሜሪካ ለሚኖር ሐበሻ የዝግጅትና የማገገሚያ መመሪያ

ጨጓራቸውን በስሊቭ ወይም በባይፓስ ያሳነሱ ሰዎች ብዙ ኪሎ ከወረደላቸው በኋላ አንድ ነገር አብሯቸው ይቀራል፦ ከእምብርት በታች የተንጠለጠለ ቆዳ። ለዓመታት የተለጠጠ ቆዳ የመሰብሰብ አቅሙን ስለሚያጣ በእግር ጉዞም ሆነ በጂም አይመለስም። በሙቀት ወራት ሥሩ ያልበዋል፣ ያሳክካል፣ ይላጣል፣ ይሸታል። ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ሰዓት መቆም እንኳ ያስጨንቃል። ይህን ማስነሣት የሚያሳፍር ቅንጦት ነው ብዬ አላምንም።

ሆኖም ቀላል ነገር አይደለም። ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚቆረጥበት፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሰዓት የሚፈጅ፣ ሙሉ ማደንዘዣ የሚጠይቅ ቀዶ ሕክምና ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው ምስጢሩ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» በሚል ለእህት እንኳ ሳይነገር ይገባበታል፤ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ልጅ የሚያጥብ፣ ወጥ የሚሠራ ሰው ይጠፋል። ገመናን መጠበቅ መብትዎ ነው። ግን ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት ቢያንስ ሁለት የሚያምኗቸው ሰዎች ይወቁ፤ አንዱ ሌሊት አብሮዎት የሚያድር፣ ሌላው ልጆቹንና መኪናውን የሚይዝ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ካላገኙ ቀኑ ይራዘም ነው የምለው።

ጊዜውና ገንዘቡ

ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከኪሎ መቀነሻው ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንዲያልፍ፣ ክብደቱም ለ6 ወር ያህል እንዲረጋ ይፈልጋሉ። ገና እየቀነሱ ሳሉ ከተሠሩ ቆዳው እንደገና ይወርዳል። ልጅ መውለድ የሚያስቡ ከሆነ መጀመሪያ ይውለዱ፤ እርግዝና ሆዱን መልሶ ይለጥጠዋል።

ኢንሹራንስን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት የተለያዩ ቀዶ ሕክምናዎችን እንደ አንድ በማየቱ ነው። ፓኒኩሌክቶሚ የሚባለው የተንጠለጠለውን ቆዳና ስብ ቆርጦ ማንሣት ብቻ ነው። ተሚ ተክ ወይም አብዶሚኖፕላስቲ ግን ከዚያ አልፎ ግራና ቀኝ የተለያየውን የሆድ ጡንቻ ይሰፋል፣ እምብርቱንም በአዲስ ቦታ ያወጣል። ይህኛውን ኢንሹራንሶች ለመልክ የሚደረግ ነው ብለው በአብዛኛው አይከፍሉበትም። ለፓኒኩሌክቶሚ ግን ሜዲኬርም ሆነ ብዙ የግል ኢንሹራንሶች ሊከፍሉ ይችላሉ። በተለምዶ የሚጠይቁት ቆዳው እስከ ብልት አጥንት ወይም ከዚያ በታች መውረዱን፣ ሽፍታው ወይም ቁስሉ ለወራት ታክሞ አለመዳኑን፣ ክብደትዎም መርጋቱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልማድ ይጎዳዋል። ሽፍታው ሲወጣ ከፋርማሲ ቅባት ገዝቶ ቤት ውስጥ መቀባት ለምደናል። ያልተጻፈ ሕመም ለኢንሹራንስ የለም። ስለዚህ ሽፍታው በወጣ ቁጥር የቤተሰብ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፣ ፎቶ ይነሣ፣ የታዘዘልዎት መድኃኒትና ውጤቱ በፋይልዎ ውስጥ ይግባ። ጥያቄዎ ውድቅ ቢሆንም ይግባኝ የማለት መብት አለዎት፤ በመጀመሪያው እምቢታ ተስፋ አይቁረጡ።

ሥራን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ ሰዎች «ኤፍ ኤም ኤል ኤ» የሚሉት፣ መሥፈርቱን ለሚያሟላ ሠራተኛ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። ለመልክ ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ግን ሆስፒታል መተኛትን ካልጠየቀ ወይም ተከትሎ የመጣ የጤና ችግር ከሌለ በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ስለዚህ ከኤች አር ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ቢሮ የሚሠራ ሰው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። አረጋውያንን የምታነሣ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ወይም ዕቃ ቤት ካርቶን የሚያነሣ ሰው ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስፈልገዋል፤ የዚያን ጊዜ ኪራይ ከወዲሁ ያጠራቅሙ።

እንግሊዝኛዎ ለዕለት ኑሮ ቢበቃም በምክክሩና በፊርማው ቀን አስተርጓሚ ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሰው በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የ12 ዓመት ልጅዎን ስለ እናቱ ሆድ እንዲያስተረጉም አያድርጉት።

ርካሽ ዋጋ ፍለጋ ውጭ አገር ሄደው መሠራት ለሚያስቡ አንድ ነገር ልበል። ዋጋው ላይ የማይታየው ከተመለሱ በኋላ ቁስሉ ቢከፈት ወይም ውኃ ቢቋጥር ማን ያየኛል የሚለው ነው። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 10 ቀን አለመብረር ይመከራል፤ እንደ ዋሽንግተን–አዲስ አበባ ያለ ከ12 ሰዓት በላይ የሚወስድ በረራ ደግሞ የደም መርጋት አደጋን ስለሚጨምር ያለ ሐኪምዎ ፈቃድ አይሞከርም። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ሐኪሙ በፕላስቲክ ሰርጀሪ ቦርድ የተመሰከረለት መሆኑን ያረጋግጡ።

ሰውነትን ማዘጋጀት

ከሁሉም በላይ ትኩረት የምሰጠው ለፕሮቲን ነው። ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው፤ ጨጓራው ያነሰ ሰው ደግሞ የሚጎድለው ይኸው ነው። ከኪሎ መቀነሻው በኋላ በተለምዶ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ይመከራል፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሐኪምዎ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ከወር ሁለት ወር በፊት የደም ምርመራ ያስደርጉ፦ ሄሞግሎቢን፣ የብረት ክምችት፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ አልቡሚን። ባይፓስ ከሆኑ የብረትና የቢ12 እጥረት የተለመደ ነው፤ እጥረቱን መሙላት ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል።

የጾም ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሽሮና ምስር ፕሮቲን አላቸው፤ ነገር ግን ትንሽ ጨጓራ በሽሮ ብቻ የሚፈለገውን ግራም አያገኝም፣ እንጀራው ቀድሞ ይሞላዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው በዚያ መሐል ወይም ወዲያው በኋላ እንዳይውል ያቅዱ። የግድ ከሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች። ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የሚሠራ የፕሮቲን ዱቄትም የጾም ነው። ሙስሊም ለሆኑም በረመዳን ሕመምተኛ እንዲያፈጥርና ሲድን ቀዷ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል።

ሲጋራም ሆነ ሺሻ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት መቆም አለበት፤ ኒኮቲን ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ በስፌቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሊጠቁርና ሊሞት ይችላል። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትንም ያወጣል፤ ከቃሙ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩ። እንደ ኦዜምፒክ ያለ መርፌ የሚወስዱ ከሆነም እንዲሁ፤ ምግብ ጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያደርግ በማደንዘዣ ጊዜ አደጋ አለው። የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ደም ማቅጠኛ፣ እንዲሁም በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ አብሽ ወይም ጥቁር አዝሙድ ሁሉም በዝርዝር ይነገር። ወጥ ውስጥ የሚገባው ችግር አይደለም፤ ለመድኃኒት ተብሎ የሚጠጣው ነው።

ቤት ሲገቡ

ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ያጽዱ፣ የሚፈልጉትን ዕቃ በወገብ ቁመት ያስቀምጡ። ወደ ኋላ የሚዘረጋ ወንበር ቢዋሱ እንቅልፉ ይቀላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስፌቱ እንዳይሳብ ከወገብ ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱትም የሚተኙትም። በተሠሩበት ቀን ማታ ግን ተነሥተው ጥቂት እርምጃ መሄድ አለብዎት። ከዚያም ቀን ቀን በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ይሂዱ፤ «ታማለችና ትተኛ» የሚለው የዘመድ ደግነት እግር ላይ ደም ያረጋል።

ከጎንዎ ድሬን የሚባል ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ሊኖር ይችላል። በየቀኑ ፈሳሹን እየለኩ ቀለሙንና መጠኑን በደብተር ይጻፉ፤ ለሁለት ቀን ያህል በቀን ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ ይወጣል። ጥብቁን የሆድ ቀበቶ ሐኪሙ ባለው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል፣ ያድርጉ። በዚህ ጊዜ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ አያንሡ። ትንሹ ልጅዎ ሲያለቅስ እቀፉኝ ቢል እርስዎ ይቀመጡ፣ ሌላ ሰው ጭንዎ ላይ ያስቀምጥልዎት፣ ሆድዎን ግን ትራስ ይሸፍነው። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ መኪና አይነዱ።

ባይፓስ የተሠራ ሰው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰድ፤ ጨጓራው ከአንጀት ጋር በተገጠመበት ቦታ ቁስለት ያስነሣል። ብዙ ቤት ውስጥ ለራስ ምታትም ለወገብም የሚሰጡት እነዚህ ስለሆኑ ለሚያስታምምዎት ሰው አስቀድመው ይንገሩ። ስሊቭ የሆኑም ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጠያቂ መምጣቱ አይቀርም፣ ይምጣም። ግን ገንፎና አጥሚት ይዞ ይመጣል። ባይፓስ ላለው ሰው ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ነገር ልብን ያርገበግባል፣ ያልባል፣ ያስቀምጣል። «ምን ላምጣ?» ለሚልዎት የዶሮ ሾርባ፣ ዓሣ፣ አይብ፣ እንቁላል ይዘዙ። ቡና ለማፍላት አይነሡ። ጠበል መጠመቅ የሚወዱም ቁስሉ ጨርሶ ሳይዘጋ ሰውነትን በውኃ አይንከሩ፤ እስከዚያ መጠጣቱ ይበቃል።

አንድ እግር ቢያብጥ ወይም ባት ቢያም፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር፣ ደረት ቢወጋ፣ 911 ይደውሉ፤ «ነገ ይለቀኝ ይሆናል» የሚባልበት አይደለም። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ቀይ እብጠት ከተስፋፋ፣ መግል ከመጣ፣ ድሬኑ በደማቅ ደም ከሞላ ደግሞ በዚያው ሰዓት ለቀዶ ሐኪምዎ ይደወል። እነዚህን ምልክቶች በአማርኛ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉ፤ ሌሊት የሚያድረው ሰው ያንብባቸው።

የእኛ ቆዳ ጠባሳን የማሳበጥና የማጥቆር ዝንባሌ ስላለው፣ ከዚህ በፊት ጆሮ ሲበሱ ወይም በቄሳራዊ ሲወልዱ ኬሎይድ ወጥቶብዎት ከነበረ በመጀመሪያው ምክክር ይናገሩ። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ልጥፍ ይረዳል፣ ከፀሐይም ይሸፈን። ጠባሳው ረግቶ መልኩን የሚይዘው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ የሚያሳክክ ወይም ከፍ እያለ የሚመጣ ከሆነ ግን ያንን ሁሉ ጊዜ ሳይጠብቁ ይታዩ፤ ገና ለስላሳ ሳለ የሚሰጠው መርፌ ይሻለዋል።