የቀድሞውን ማኪንቶሽ ዘመነ ልደት ከተራ ቁጥሩ ስለ ማወቅ

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥር ወር 1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ዛሬ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እጅ ሲገኝ፣ ሻጩ ስለ ዕድሜው የሚያወራውን ከማመን በፊት የመሣሪያውን የራሱን ቃል መጠየቅ ይገባል፤ እርሱም በሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ተራ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ በሥሩና በጀርባው ያሉት ልጣፎች በደረቅ ጨርቅ ተጠርገው፣ ጽሑፋቸው አንዲት ፊደል ሳትቀር ይገለበጣል። የቁጥሩ መነሻ «ኤፍ» ሆኖ 420 ቢከተለው፣ ፊደሏ በካሊፎርኒያ የነበረውን የፍሪሞንት ፋብሪካ ታመለክታለች፤ «ሲ» ብትሆን ግን የአየርላንዱን የኮርክ ፋብሪካ ባመለከተች ነበር። አራት የዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው፤ 20 ደግሞ የዚያ ዓመት ሳምንት ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው በግንቦት 1984 አጋማሽ፣ በእኛም ቀመር በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው ይህ እንደ ጨዋታ ነው። የሚቀጥሉት ሦስት ምልክቶች በሳምንቱ ውስጥ ስንተኛ ሆኖ እንደ ወጣ ሲገልጹ፣ መጨረሻው፣ ለምሳሌ «ኤም0001»፣ የዓይነቱ መለያ ነው። አራት ብቻዋን 1984ንም 1994ንም ልትሆን ስለምትችል፣ ጥርጣሬውን የሚፈታው ይኸው የዓይነት መለያ ነው፤ የመጀመሪያው ማኪንቶሽ በ1994 አልተሠራምና።

ልጣፉ የሚመሰክረው ግን ስለ ሽፋኑ ብቻ ነው። ማኅደረ ትውስታውን ከ128 ወደ 512 ኪሎባይት ለማሳደግ ሲባል የውስጥ ሰሌዳው የተለወጠለት መሣሪያ ጥቂት ስላልሆነ፣ ውስጡም መመርመር አለበት። አንገቱ ረጅም የሆነ ባለኮከብ መፍቻ፣ ቁጥሩ ቲ15፣ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ብሎን በባትሪው ክዳን ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። የሥዕል መስኮቱ ብርሃን ከጠፋም በኋላ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ፣ ያልለመደ ሰው ይህን ለቴሌቪዥን ጠጋኝ ይተውለት። ሽፋኑ ሲወልቅ በውስጠኛው ገጽ የሠሪዎቹ ፊርማ ተቀርጾ ይታያል፤ ይህ ለዕድሜ ምርመራው አይጠቅምም፣ ለዓይን ግን ደስ ይላል።

በሰሌዳው ላይ ካሉት ቺፖች የሚነበበው ባለአራት አኃዝ ማኅተም ነው፤ 8412 ቢል የ1984ን 12ኛ ሳምንት ያሳያል። በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ 8530 የተባለው የዛይሎግ ቺፕ ስሙ ራሱ ባለአራት አኃዝ ስለሆነ፣ ያልጠረጠረ አንባቢ የ1985ን 30ኛ ሳምንት ነው ብሎ ይስታል። ስለዚህ በአንዱ ቺፕ ሳይፈርዱ ብዙዎቹን ማስተያየት ይሻላል። ቺፖቹ ከልጣፉ በጥቂት ሳምንታት ቢቀድሙ ከመገጣጠማቸው በፊት በመጋዘን ስለ ቆዩ ነው፤ ከልጣፉ ኋላ የመጡ ቢሆኑ ግን ሰሌዳው ወይም ቺፖቹ ተለውጠዋልና፣ የሽፋኑ ዘመንና የሰሌዳው ዘመን ለየብቻቸው ይጻፋሉ።