ጠገራ ብር ሲገዙ ሚዛን ይያዙ
ለረጅም ዘመን የአገራችን መገበያያ የነበረውን ጠገራ ብር ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በመርካቶ የሚገዛ ነጋዴ በላዩ ባለው «1780» መታለል የለበትም። ቁጥሩ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ኋላ በቪየና፣ በሮምና በለንደን የተመቱትም ይህንኑ ይዘዋል። ከምስላቸው ሥር ያሉት «ኤስ ኤፍ» ፊደላት በደቡብ ጀርመን የነበረው የጉንዝቡርግ ገንዘብ መምቻ ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው።

አንዱ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። አሥሩን እንደ ንጹሕ ብር መዝኖ የገዛ ሰው ለ46.8 ግራም መዳብ የብር ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። በጠርዙ ላይ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ ከሌለ ወይም ክብደቱ በብዙ ከጎደለ ይጠርጥሩ። ሚዛን ሳይታይ ዋጋ አይቆረጥም።