ነርስነትና ከፍተኛ ትምህርት

ምንባብ

ነርስነት የታመመውን መንከባከብ፣ የጤነኛውን ጤንነት መጠበቅና በሞት አፋፍ ላይ ያለውን በክብር ማስታመም የሚጠይቅ ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ስለዚህ ሙያ በብዙ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ለነርስ ደግ ልብና ፈጣን እጅ ይበቃታል፤ የጠለቀ ዕውቀት የሚያስፈልገው ለሐኪሙ ብቻ ነው የሚል ነው። አስተሳሰቡ ትክክል አለመሆኑን ለመረዳት የነርስን የዕለት ተዕለት ሥራ በቅርብ መመልከት ያስፈልጋል። ለዚህም የጎረቤት አገር ርእሰ ከተማ የሆነችው ጅቡቲ ጥሩ ምሳሌ ልትሆን ትችላለች።

ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በከተማይቱ ባለው በፔልቲዬ ሆስፒታል የሚታከመው ሕዝብም እንደ ወደቧ ልዩ ልዩ ነው። ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ የሚናገሩ ሕሙማን ይመጣሉ።

በእንዲህ ያለ የሙቀት ወራት ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሕፃን ሌሊት ወደ ሆስፒታል ቢመጣ፣ ሐኪሙ አይቶት ወደ ሌላ በሽተኛ ይሄዳል፤ ከአልጋው አጠገብ የምትቆየው ነርሷ ናት። የሰውነት ፈሳሽ እየጎደለ ሲሄድ በመጀመሪያ የልብ ትርታ ይፈጥናል፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛሉ፤ ሽንት ይቀንሳል። የደም ግፊት የሚወርደው ግን ዘግይቶ ነው። በተለይ በሕፃናት የደም ግፊት ወረደ ማለት አደጋው ደጃፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ የደም ግፊቱን ቁጥር ብቻ ጽፋ «ደኅና ነው» ብላ የምታልፍ ነርስ ሕፃኑን ልታጣው ትችላለች። የምልክቶቹን ቅደም ተከተልና ምክንያታቸውን የተማረችው ግን ጊዜው ሳያልፍ ሐኪሙን ትጠራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደግነት አይደለም፤ የዕውቀት ነው።

ይህ ግንዛቤ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 በክሪሚያ ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ለማስታመም ከዘመተች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን የነርሶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አደረገች። ከዚያ በፊት ማስታመም እንደ ተራ አገልጋይነት ይቆጠር ነበር። ከ47 ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ ሜሪ አደላይድ ነቲንግ በኒውዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ የፕሮፌሰርነትን ማዕረግ በማግኘት ከነርሶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ነርስነት ከማሠልጠኛ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነበር።

በኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ከጅቡቲ ወደብ ጋር የተያያዘ ነው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ በተቃረበ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ጅቡቲ ደርሶ ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄደ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ልዕልቲቱ የስደቱን ዘመን በትካዜ ብቻ አላሳለፉትም። በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተምረው በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። በዚያም ሳይወሰኑ ትምህርታቸውን በጋይስ ሆስፒታል ቀጠሉ። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሕሙማንን አስታመሙ። በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ገና በወጣትነታቸው በነቀምት ዐረፉ። በስማቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል በ1944 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነርሶችን ማሠልጠንንም ከተግባሩ አንዱ አደረገ።

ሁለተኛው የታሪክ ምዕራፍ ጎንደር ነው። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በአንድነት አሠለጠነ። ሦስቱ አብረው ተምረው አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይሰማሩ ስለ ነበር፣ ነርሷ ትእዛዝ ተቀባይ ብቻ ሳትሆን የራሷ የሥራ ድርሻ ያላት ባለሙያ መሆኗ በተግባር ታየ።

በጅቡቲ የሙያው መሰላል በፈረንሳይ ሥርዓት የተቀረጸ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃነቷን ካገኘች በኋላም የከፍተኛ ትምህርት ዋና ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ቆይቷል። ነርስ ለመሆን የሚሻ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በጤና ሳይንስ ከፍተኛ ኢንስቲትዩት ይሠለጥናል። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፍተዋል። ከዚያ በፊት በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ ረዘም ያለ ትምህርት የሚሻ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት። በከተማይቱ ለሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆችም የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ቋንቋ ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተማረ ወጣት ፈረንሳይኛን ጠንቅቆ ካላወቀ፣ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ወደ ትምህርቱ በር መግባት ይቸገራል።

ለመሆኑ ነርስ ዲግሪ መያዟ ለበሽተኛው ምን ይጠቅመዋል? እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። ጥናቱ በ9 የአውሮፓ አገሮች በሚገኙ 300 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ420,000 የሚበልጡ ሕሙማን የተመለከተ ነበር። በአንድ ሆስፒታል የባለ ዲግሪ ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ሲል፣ ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በአንጻሩ አንዲት ነርስ በኃላፊነት በምትይዛቸው ሕሙማን ላይ አንድ በሽተኛ ሲጨመር የሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሏል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የነርሶች ዕውቀትና ቁጥር ሁለቱም አስፈላጊ መሆናቸውን ነው። የተማሩ ጥቂቶችን በሥራ ብዛት ማድከምም ሆነ ብዙዎችን ያለ በቂ ትምህርት ማሰማራት አይበጅም።

ሆኖም አንድ ከባድ ችግር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በብዙ አገሮች ትምህርቷን ያሻሻለች ነርስ የደመወዝ ዕድገት የምታገኘው ወደ ቢሮ ስትዛወር ወይም ወደ ውጭ አገር ስትሄድ ነው። ይህ ከሆነ ትምህርቱ ነርሷን ከፍ ሲያደርግ በሽተኛውን ብቻውን ይተወዋል። መፍትሔው ግን ትምህርቱን መከልከል አይደለም፤ ዕድገቱን ወደ በሽተኛው አልጋ ማቅረብ ነው። ለምሳሌ በፈረንሳይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥራ ልምድ ያላቸው ነርሶች በዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት ተምረው የማስተርስ ዲግሪ ሲይዙ፣ እንደ ስኳር በሽታ ያሉ ረዥም ጊዜ የሚቆዩ ሕመሞች ያለባቸውን ሰዎች ራሳቸው የሚከታተሉበት የሥራ መደብ ተፈጥሯል። በዚህ ዓይነት ባለሙያዋ በማዕረግ ከፍ ትላለች፤ ከበሽተኛው ግን አትርቅም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ የነርስ ትምህርትም በሥራና በንባብ እየተፈራረቀ የሚያድግ ነው። ዛሬ በሌሊት ተራ የተመለከተችውን ነገ በክፍል ውስጥ ምክንያቱን ታገኛለች፤ በክፍል የተማረችውን ደግሞ በሚቀጥለው ሌሊት ትሠራበታለች። ከትምህርቷ ሁሉ መጨረሻ የሚጠበቀው ፍሬም የሌላው ሰው ሕይወት ነው።

የቃላት ፍቺ

አፋፍ፦ የገደል ጫፍ፤ እዚህ ላይ፣ ወደ አደጋ የተጠጋ ሁኔታ
ወረርሽኝ፦ በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው የሚያጠቃ በሽታ
እርከን፦ ደረጃ፣ መወጣጫ
በአንጻሩ፦ በተቃራኒው፣ በሌላ በኩል

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. ስለ ነርስነት ሙያ የሚነገረው የተሳሳተ አስተሳሰብ ምንድን ነው?
2. የታመመውን ሕፃን የደም ግፊት ብቻ መመልከት ለምን አይበቃም?
3. ልዕልት ፀሐይ የስደቱን ዘመን በምን ተጠቀሙበት?
4. በጅቡቲ ለሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች ቋንቋ የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን የተባለው ለምንድን ነው?
5. የ2014ቱ ጥናት ስለ ነርሶች ዕውቀትና ቁጥር ምን ያስረዳል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
ማስታመም፣ ማዕረግ፣ ባለሙያ፣ ኃላፊነት

ሐ. «ትምህርት ባለሙያን ከሥራው ያርቀዋል ወይስ ለሥራው ያበቃዋል?» በሚል ርእስ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ። ከክርክሩ በኋላ የተስማማችሁበትን አሳብ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።