አሮጌ ጀልባ ወደ ውሃ ሲመለስ

ስለ ጀልባ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የሴት አያቴ በርጩማ ነው። ባለፈው በጋ በርጩማው ተሰንጥቆ ባየሁ ጊዜ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቼ፥ በብረት ምስማር ቸንክሬ፥ ቀለም ቀብቼ አስረከብኳቸው። በሥራዬም ኰርቼ ነበር። ክረምት በገባ ጊዜ ግን በርጩማው ከምስማሮቹ አጠገብ በሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። አያቴ አልተቈጡኝም፤ «ልጄ፥ እንጨት እኮ ይተነፍሳል» ብቻ አሉኝ። የዚህ ቃል ምሥጢር የገባኝ ግን በኋላ፥ አሮጌ የእሽቅድምድም ጀልባዎች እንዴት እንደሚታደሱ በተማርኩ ጊዜ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ባለ 12 ጫማ የሚባለውን ትንሽ የሸራ ጀልባ ነው። ይህን ጀልባ በ1913 ዓ.ም. የነደፈው ጆርጅ ኮክሾት የተባለ እንግሊዛዊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ 3.66 ሜትር ሲሆን ሸራው አንድ ብቻ ነው። በ1920 ዓ.ም. በኦሊምፒክ የተወዳደሩበት ሁለት ጀልባዎች ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም የሆላንድ ነበሩ፤ ያሸነፉትም አንድ አባትና ሁለት ልጆቹ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ስቬን ቶሬል የተባለ ስዊድናዊ ወርቁን ወሰደ። በሆላንድና በኢጣልያ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ዓይነት ጀልባ ይወዳደራሉ።

የጀልባው ጎን የተሠራው በረጃጅም ስስ ሳንቃዎች ነው። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የአንዱ ሳንቃ ጠርዝ በሌላው ጠርዝ ላይ ተደርቦ በመዳብ ምስማር ይያያዛል። በውስጥ በኩል እንደ ጎድን አጥንት የጎበጡ እንጨቶች ሳንቃዎቹን ደግፈው ይይዟቸዋል። ብረት ትቶ መዳብ መምረጥ ያለ ምክንያት አይደለም። ኦክ በሚባለው የአውሮፓ ዛፍ ውስጥ ታኒን የሚባል አሲድ ስላለ፥ እርጥበት ሲያገኘው ብረቱን ያዝገዋል፤ እንጨቱንም ያጠቁረዋል።

የማደሱ ሥራ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ምንም ነገር ከመንቀል በፊት ጀልባው ቅርጹን እንዳይለቅ በሚገባ ይደገፋል። የጎድን እንጨቶቹም ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነቀሉም፤ በየተራ ይለወጣሉ።

ሁለተኛ፥ የበሰበሰው ቦታ በወስፌ እየተወጋ ይፈለጋል። ወስፌው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው፥ ጀልባን ይበልጥ የሚያበሰብሰው የባሕር ጨው ውሃ ሳይሆን በውስጡ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፥ አዲሱ የጎድን እንጨት በእንፋሎት ይቀቀላል። ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከእንፋሎቱ እንደ ወጣ ሳይቀዘቅዝ በፍጥነት ይጎበጣል። ባላገር ዱላውን በእሳት እያሞቀ እንደሚያቃናው ያለ ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለብዙ ዓመት በደረቅ ቦታ የቆየ ጀልባ ሳንቃው ስለሚኮማተር በየመጋጠሚያው ክፍተት ይታያል። ይህን ክፍተት በደረቅ ስቱኮ መሙላት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ በርዝመቱ ምንም ያህል አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ያብጣል። ያበጠው ሳንቃ የሚሄድበት ቦታ ካጣ ምስማሩን ይነቅላል፥ የጎድን እንጨቱንም ይሰብራል።

ስለዚህ የታደሰው ጀልባ ወደ ውሃ በተመለሰበት ቀን ቢያፈስ ሊያስደነግጠን አይገባም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በገመድ ታስሮ፥ የገባው ውሃ እየተቀዳ፥ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሳንቃዎቹ ቀስ በቀስ አብጠው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ማፍሰሱም ይቀንሳል። ሸራ የሚሰቀለውና ለእሽቅድምድም የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጋጠሚያውን የሚዘጋው የመጨረሻው ሠራተኛ ራሱ ውሃው ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ከተማርኩ በኋላ ወደ አያቴ በርጩማ ተመለስኩ። ምስማሮቹን በጉጠት ነቀልኩ፤ ስቱኮውንም ፋቅሁ። የቀድሞው ስንጥቅ ጠበበ፤ እኔ በምስማር ያመጣኋቸው ሁለቱ ስንጥቆች ግን እስከ ዛሬ አሉ። አያቴ አሁንም ይቀመጡበታል፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። አሮጌ ዕቃ ለማደስ መዶሻ ከማንሣታችን በፊት፥ የተሠራበትን ነገር ጠባይና መጀመሪያ የሠራውን ሰው ሐሳብ እንመርምር። በየቤታችን ያለውን የአያቶቻችንን ዕቃ እንዳናጠፋው የሚረዳን ይህ ነው።