ስለ ዶሮ ፈንጣጣ

ጥያቄ፦ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ በግቢዬ የማረባቸው ዶሮዎች በአናታቸው ቀይ ሥጋና በዐይናቸው ቆብ ላይ ኪንታሮት የመሰለ ጥቁር ቅርፊት አወጡ፤ አንዲቱም መብላት ተስኗታል። ምን ላድርግ?
ወይዘሮ ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ክብርት ወይዘሮ፤ እንደ ገለጹልኝ ከሆነ ደዌው የዶሮ ፈንጣጣ ይመስላል፤ ይኸውም ቫይረስ ከሚባለው ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ ሆኖ፣ ከዝናም በኋላ የሚበዛው ቢንቢ ከታመመችው ወደ ጤነኛይቱ የሚያደርሰው፣ ዶሮዎቹም ሲናከሱ በቁስላቸው የሚገባ ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ሆኖም በቆዳ ላይ ብቻ የወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሽራልና፣ ታማሚዎቹን ለይተው፣ ለስላሳ መኖና ንጹሕ ውኃ በቅርባቸው አኑረው፣ የተጣበቀውን ዐይን ለብ ባለ የጨው ውኃ እያጠቡ ይታገሡ። ቅርፊቱን ግን አይላጡት፤ የወደቀ ቅርፊት ደዌውን ለወራት ይዞ ይቆያልና፣ የረገፈውን ሰብስበው ያቃጥሉት።

እኔን ይልቁንም የምታሳስበኝ መብላት የተሳናት ናት። አፏን ከፍተው ይመልከቱ፤ በምላሷ ወይም በጉሮሮዋ ቢጫ ሽፋን ካዩ፣ ትንፋሿም ከከበደ፣ እንዳትታፈን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት። ገና ያልታመሙትንም ባለሙያው በክንፋቸው ቆዳ ላይ ይከትብልዎታል።